ማዳበሪያ አድርጊበት

ሰሞኑን ማታ ማታ ሰማይ ማየት ጀምሬያለሁ። ጸሎተኛ ሆኜ አይደለም፣ ደመና አለ ወይስ የለም የሚለውን ለማጣራት ነው። ደመና ካለ ገብቼ እተኛለሁ፣ ከዋክብቱ ጥርት ብለው ከወጡ ግን ጋቢዬን ደርቤ ወደ ግቢ እወርዳለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ አካባቢ «ምን ሆነሻል?» ይለኝ ነበር፣ አሁን ዝም ብሎ ባትሪውን ያቀብለኛል። ነገሩ የመጣው ከአንድ ቃል ነው፣ አንድ ቃል በቅጡ ባለመስማቴ፣ ሁለት ዓመት ሆኖት እንኳን አሁንም አዲሱ ገበያ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን «ውይ!» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ከፊቴ ያለው ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ።

ስለ ቡገንቪሊያ ነው የማወራው። አትሳቁ።

የበሩ አበባ

አዳማ ወይ ድሬዳዋ ወይ ሐዋሳ ያደገ ሰው ቡገንቪሊያን አበባ ብሎ አይቆጥረውም፣ እንደ በርና እንደ አጥር የግቢው እቃ ነው። እኛም ቤት በሩን ተንተርሶ ወጥቶ ከላይ እንደ ጣራ ተጠምዝዞ ነበር፣ ሐምራዊው ነው። እናቴ ስሙን ጠርታው አታውቅም፣ «የበሩ አበባ» ነው የምትለው። እንግዳ ቤቱ ሲጠፋበት በስልክ «አበባው ጋ ስትደርስ ቁም» ትላለች በቃ። ውሃ ስታጠጣው አይቻት አላውቅም ማለት ይቻላል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ በመጋዝ ያለ ርህራሄ ትከረክመዋለች፣ እኛ «እማዬ ገደልሽው እኮ» እንላለን፣ በጋ ላይ ብሶበት ይመጣል። ለካ ነገሩ እንደዛ ነው፣ አበባው የሚወጣው አዲስ በበቀለው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ካልተቆረጠ ዝም ብሎ እየረዘመ እሾህ ብቻ ይሆናል፣ ውሃ ሲበዛበትም ቅጠል በቅጠል ሆኖ ይቀራል፣ ትንሽ ሲጠማው ነው አበባውን የሚያወጣው። እናቴ ይሄን የትም አላነበበችም።

ካረፈች በኋላ ቤቱን ሸጥን። አራት ልጅ አንድ ቤት እንዴት ይካፈላል፣ ብር ነው የሚካፈሉት። ቁልፉን ያስረከብን ቀን ወንድሞቼ ከገዢው ጋር ስለ መብራት ቆጣሪ ምናምን ሲያወሩ እኔ የማድ ቤት ቢላ ይዤ በሩ ጋ ሄድኩና 8 ቁራጭ ቆረጥኩ፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያላቸው፣ ስንዝር ስንዝር የሚሆኑ፣ ለጋውን ሳይሆን እንጨት ወደመሆን የሄደውን ክፍል (ለጋው ያምራል ግን ሥር ሳያወጣ ይበሰብሳል)። እጄን እሾሁ ቧጨረኝ። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ ከትቼ በፈጣን መንገዱ ይዤው መጣሁ፣ ከዛ ቤት የያዝኩት እሱንና የእናቴን ነጠላ ብቻ ነው።

ሱሉልታ ገብቼ ሃይላንድ ቆረጥኩ፣ ታቹን በጋለ ሚስማር በሳሁ፣ ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር ሞልቼ ቅጠሉን አራግፌ ሰካኋቸው፣ ላያቸው ላይ ሌላ ሃይላንድ ደፋሁባቸው ርጥበቱን እንዲይዝ። ሁለት ወር ጠበቅኩ። ከ8ቱ 2 ያዙ፣ ከሁለቱ አንዱን ድመት ገለበጠችው። አንድ ቀረ።

ያ አንዱ የመጀመሪያውን ህዳር ሳሎን ውስጥ መስኮት ስር አሳለፈ። በግንቦት ወደ ግቢ አወጣሁት፣ ሥሩ ቀጭንና ተሰባሪ ስለሆነ ላስቲኩን በምላጭ ቀድጄ ከነአፈሩ እንዳለ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጥኩት። የት? በሩ ጋ ነዋ። ሌላ ቦታ በሃሳቤም አልመጣ። የእናቴ በር አዳማ መሆኑን፣ የእኔ በር ግን ቆርቆሮ አጥር ያለው፣ ፊት ለፊቱ ሜዳ የሆነ፣ ነፋሱ እንደልቡ የሚገባበት የሱሉልታ በር መሆኑን አላሰብኩም። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሱሉልታ ከ2,500 በላይ። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፣ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። ግቢዬ ላይ ግን አልመለስኩትም።

እማማ ያሉት፣ እኔ የሰማሁት

ከእኛ ቀጥሎ ያሉትን ሴትዮ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። እኛ መጤዎቹ ቤት እየሠራን ሳንመጣ በፊት እዛው የነበሩ፣ ሁለት ላም ያላቸው፣ የድርቆሽ ወቅት ሲደርስ እጃቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ወተት የምንገዛው ከሳቸው ነው።

ጥቅምት ላይ ነው። ቡገንቪሊያው ደረቴ ድረስ ደርሷል፣ ጫፉ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሐምራዊ ነገሮች ብቅ ብለዋል፣ እኔ በየቀኑ ከሥራ ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እሱን ነው የማየው። እማማ የወተቱን ጆግ ይዘው ሲመጡ ቆም አሉና ከላይ እስከታች አዩት።

«ልጄ፣ ህዳር ሳይገባ ማዳበሪያ አድርጊበት። ይሄ አገር ብርድ አለው» አሉኝ።

«እሺ እማማ» አልኩ።

እሺ ብዬ ምን አደረግኩ፣ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ዩሪያ ገዛሁ። አንድ ኪሎ። ጉልበት እንዲያገኝ ነው ያሉት ብዬ ነው የተረዳሁት፣ ሰው ብርድ ሲመጣ አጥሚት እንደሚጠጣ ማለት ነው። ሁለት እፍኝ ሥሩ ላይ በተንኩለት፣ አጠጣሁት፣ በሳምንቱ ደገምኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላል ያገሬ ሰው፣ ተክሉ ደህና ነበር እኮ! ከዛማ ምን ልበላችሁ፣ ፈነዳ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክንድ የሚያክል አዲስ ቅርንጫፍ አወጣ፣ ለስላሳ፣ ውሃ የተሞላ፣ ቅጠሉ ሰፋፊና የሚያብረቀርቅ። አበባዎቹ ረገፉ፣ ግን አረንጓዴው እንዴት ያምራል። ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ላኩለት፣ «የእማዬ አበባ ሱሉልታ ገባ» ብዬ።

እማማም አንድ ቀን በሩቁ «አደረግሽበት?» አሉኝ። «አደረግኩ እማማ!» አልኩ። ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ።

ህዳር 8 ጠዋት ስወጣ ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። የሱሉልታ ሰው ውርጭ ምን እንደሆነ ይነገረው አይባልም፣ ግን እኔ እስከዛ ቀን ውርጭን የማውቀው የመኪና መስታወት ላይ ብቻ ነው። ቡገንቪሊያው ቆሟል። እንደውም በበረዶ ተለብጦ ፀሐይ ሲነካው ያብለጨልጫል፣ ተርፏል ብዬ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ የተቀቀለ ጎመን ሆኖ ጠበቀኝ። ቅጠሉ ሁሉ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል፣ ያ ክንድ የሚያህለው አዲስ ቅርንጫፍ ጎንበስ ብሎ መሬት ነክቷል፣ ስይዘው እጄ ላይ ተልሞሰሞሰ።

ህዳር 12

ህዳር ሚካኤል ቀን መቼም ሁሉም ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻ ያቃጥላል፣ ሰፈሩ በጭስ ይታጠናል። እኔም መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። አራት ቀን ሙሉ በሩ ጋ የቆመውን ጥቁር ነገር እያየሁ ነው የምወጣው የምገባው፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ አስጠላኝ። ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። የእናቴን ቀብር እንደገና እየደገሙ የሚያሳዩኝ መሰለኝ። በአካፋ ዙሪያውን ቆፈርኩ፣ ያዝኩና ነቀልኩት፣ ሥሩ ጧ ጧ እያለ ሲበጠስ ይሰማኛል፣ ጎትቼ ወስጄ የሰፈሩ ክምር ላይ ወረወርኩት። እሳቱ ገና አልተለኮሰም።

እማማ የራሳቸውን ቆሻሻ በጆንያ ይዘው መጡ። ክምሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ይሄን ልትጥዪው ነው?»

«ሞቷል እማማ። ለማገዶ ይሁኖት።»

ምንም አላሉም። ግንዱን ከክምሩ መዘው በትከሻቸው ይዘውት ሄዱ። ያኔ «ማዳበሪያ አድርጌበት ነበር እኮ እማማ፣ ምንም አልሠራም» ብል ኖሮ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ፣ ጉዳዩ እዛው ይጣራ ነበር። አላልኩም። አፍሬ ይሁን ተናድጄ አላውቅም፣ ዞሬ ገባሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እኔን አይመለከትም። እኔ አፍስሼ ሌላ ሰው ነው የለቀመው።

ማድ ቤቱ ጀርባ

ከዛ በኋላ የሆነውን ዘልዬ ወደ ባለፈው ሚያዝያ ልምጣ። እማማ ቤት ድግስ ነበረ፣ የልጅ ልጃቸው ክርስትና። እኔ የሳቸውን ሳሎን ለቡና አውቀዋለሁ እንጂ ጓሮ ገብቼ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን የሽንኩርት ጆንያ ተሸክሜ ማድ ቤቱን ዞርኩ።

ማድ ቤታቸው የድሮ ነው፣ ድንጋይ በጭቃ። ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታውን ግድግዳ ይዞ፣ ከታች እስከ ጣራው ጠርዝ ድረስ፣ ሐምራዊ።

ሽንኩርቱን አስቀመጥኩ። ከሩቅ ያየሁትን ማመን አቅቶኝ ተጠግቼ አንዷን ቆረጥኩ። ልጅ ሆነን እንደምናደርገው በጣቴ ፈለቀቅኳት፣ ሐምራዊው እኮ አበባ አይደለም፣ ሦስት እንደ ወረቀት የሳሱ ቅጠሎች ናቸው፣ ደም ሥራቸው ይታያል፣ ትክክለኛው አበባ መሃል ላይ ያሉት ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ነጣ ያለች ኮከብ የምታክል ነገር አለች፣ የክብሪት እንጨት ጭንቅላት ብትሆን ነው። ሦስቱም ፈክተው ነበር። ግንዱን ሳየው የእኔ የአካፋ ጠባሳ አለበት።

እማማ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ መጡ።

«እማማ ይሄ ከየት መጣ?»

«ያንቺው ነዋ። ለማገዶ የሰጠሽኝ።»

«ሞቶ አልነበረም እንዴ?»

«እኔም ሞቷል ስላልሽ ልፈልጠው ነበር። በጥፍሬ ብፍቀው ውስጡ እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት ደግሞ ይጨሳል እንጂ መች ይነዳል። ምን ላርገው፣ ተከልኩት።»

ይሄን ያሉት እንደ ቀልድ አይደለም፣ እንደ ሂሳብ ነው። ማገዶ ካልሆነ ተክል ነው። ከዛ እኔ ሞኟ ጠየቅኩ፣ «ታዲያ ህዳርን እንዴት አለፈ?»

ቀና ብለው ከጣራው ጠርዝ ስር ያለውን ሚስማር አሳዩኝ። ሚስማሩ ላይ አንድ አሮጌ ማዳበሪያ ተጣጥፎ ተሰቅሏል። ያው ነጩ፣ እህል የምንጭንበት፣ ዱቄት የምናስቀምጥበት ማዳበሪያ። ጽሑፉ ጠፍቶ 46 የሚለው ቁጥር ብቻ ይታያል።

«ማዳበሪያ አደርግበታለኋ» አሉ። «ላንቺስ ነግሬሽ አልነበር?»

ዝም አልኩ። ከዛ ሳቅኩ። እሳቸው ለምን እንደምስቅ አልገባቸውም፣ ሳስረዳቸው መጀመሪያ አላመኑኝም፣ ከዛ ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሥሩ ላይ? ጨው የመሰለውን? በጥቅምት?» ድግሱ እስኪያልቅ ለመጣው ሴት ሁሉ ሲያወሩልኝ ዋሉ፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ። ቅኔ የተማረ ሰው ሰምና ወርቅ ሲባል ደስ ይለዋል፣ እኔ ሰሙን ይዤ ገበያ ወርጄ ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ በስልኬ ሳገላብጥ አደርኩ። ያ 46 ለካ ዩሪያ ውስጥ ያለው የናይትሮጅን መጠን ነው፣ ከመቶ 46 እጅ፣ ሥራውም ቅጠልና ለጋ ቅርንጫፍ ማብዛት። ለጋ ማለት ደግሞ በውሃ የተሞላ ማለት ነው፣ ውሃው ሲረጋ ቅርንጫፉን ከውስጥ ይቀደዋል፣ ጠዋት ያንጸባረቀው ማታ ጎመን የሚሆነው ለዛ ነው። እኔ ልጁን ለብርድ ያዘጋጀሁት ልብሱን አስወልቄ ነው ማለት ነው። በልቼ የማልጨርሰው ንዴት ግን ሌላኛው ነው፣ ከላይ ያለው ቢቃጠልም ግንዱና ሥሩ ደህና ሊሆን ይችላል፣ ሰው የሚያደርገው ነገር ቢኖር አለመንካት ነው። የተቃጠለውን እንኳን ቶሎ አትቆርጡም፣ ጥቁሩ ቅጠል በሚቀጥለው ውርጭ ለታችኛው መከለያ ይሆነዋል፣ ብርዱ አልፎ አዲስ ቡቃያ ሲታይ ነው የሞተው ከየት ጀምሮ እንደሆነ የምትለዩት። ከዛ በፊት የሚፈቀድላችሁ ቅርፊቱን በጥፍር መፋቅ ብቻ ነው። አረንጓዴ ከሆነ አለ። እኔ አካፋ አነሳሁ፣ እሳቸው ጥፍር።

ግድግዳውስ? እሱንም በኋላ ነው ያሰብኩት። ያ የድንጋይ ግድግዳ ቀን ከሰዓት ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል፣ ሌሊት ቀስ እያለ ይተፋዋል፣ ከወዲያኛው በኩል ደግሞ ምድጃው ነው ያለው፣ እማማ በየሁለት ቀኑ እንጀራ ይጋግራሉ። የእናቴን አበባ ጀርባውን እያሞቁለት ነው የከረሙት። የእኔ ቆርቆሮ ቀን ያቃጥላል፣ ማታ ከሁሉም ቀድሞ በረዶ ይሆናል።

ታዲያ የማን ነው?

ለወንድሜ ደወልኩለት። «የእማዬ አበባ ነው፣ ሄደሽ ጠይቂያት» አለ፣ እሱ አሜሪካ ሆኖ ሁሉ ነገር ቀላል ነው። ምን ብዬ ልጠይቅ? ሞቷል ብዬ የመሰከርኩት እኔ፣ ለማገዶ ያልኩት እኔ። ደግሞስ ከዛ ግድግዳ ላይ ሁለተኛ ቢነቀል የሚተርፍ ይመስላችኋል?

በዛ ሰሞን ስለዚሁ ተክል ሳነብ ያገኘሁት ታሪክ አለ። ስሙ ከቡገንቪል ነው፣ ፈረንሳዊ የመርከብ አዛዥ፣ እ.ኤ.አ ከ1766 እስከ 1769 ዓለምን የዞረ። ሪዮ ዲ ጄኔሮ አካባቢ ተክሉን የመዘገበው ግን እሱ አይደለም፣ አብሮት የተጓዘው የእጽዋት ተመራማሪ ኮመርሶን ነው። የኮመርሶንን እቃ ተሸክማ፣ ተክል እየለቀመች፣ እያደረቀች የረዳችው ደግሞ ዣን ባሬ የምትባል ሴት ናት፣ ሴት በፈረንሳይ የጦር መርከብ ላይ መሳፈር ክልክል ስለነበር እንደ ወንድ ለብሳ ነው የገባችው፣ በኋላ ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ የተመዘገበችው እሷ ናት። ተክሉ ግን አለቃው ተብሎ ቀረ። ይሄን ያነበብኩ ማታ እናቴ «የበሩ አበባ» ማለቷ ትክክል ነበረች ብያለሁ፣ ቢያንስ በሩ የትም አይሄድም። ቆይ፣ በሩም ተሽጧል ለካ።

ብቻ አልጠየቅኩም። ክረምቱ ሲቃረብ እማማ ራሳቸው ሲከረክሙት (እንደ እናቴ፣ ያለ ርህራሄ) በአጥሩ ጠሩኝና እቅፍ ሙሉ ቅርንጫፍ ሰጡኝ፣ «ይሄ ደግሞ ማገዶ እንዳይመስልሽ» ብለው። ከ10 ቁራጭ 3 ያዙልኝ። አንዱን ለወንድሜ ሚስት እናት አዳማ ላኩላቸው፣ እዛ ማንም ምንም ሳያደርግለት ያድጋል፣ ያበሽቃል። አንዱ ሳሎን መስኮት ስር አለ፣ መጠባበቂያ። ሦስተኛውን ተከልኩት፣ በሩ ጋ አይደለም፣ የቤቱ ግድግዳ ስር፣ ፀሐይ ቢያንስ 6 ሰዓት የሚያገኝበት ቦታ። የእኛ ሜዳ ክረምት ላይ ውሃ ስለሚያቁር አፈሩን ከፍ አድርጌ ጠጠርና አሸዋ ደባልቄበታለሁ፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል። ዩሪያ አጠገቡ አይደርስም። ከመስከረም ጀምሮ ውሃም ቀንሼበታለሁ፣ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ፣ ለጋ እንዳያበዛ።

ማዳበሪያውንም እንደዋዛ አይጣልበትም፣ እሱም ሙያ አለው። ቅጠሉን እንዳይጫነው ሦስት ዱላ ዙሪያውን ተክያለሁ፣ ከታች እስከ መሬት ድረስ ወርዶ በድንጋይ መያዝ አለበት፣ ምክንያቱም የምትይዙለት ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ነው። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካው የነካበት ቦታ ይቃጠላል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ መነሳት አለበት፣ አለበለዚያ ውስጡ ይታፈናል። ደመና ያለ ቀን አያስፈልግም፣ ደመናው ራሱ ማዳበሪያ ነው። ጥርት ያለና ነፋስ የሌለው ሌሊት ነው የሚያስፈራው፣ ያኔ ቀዝቃዛው አየር ከእንጦጦ ጀርባና ከዙሪያው ኮረብታ ቁልቁል ወርዶ ሜዳችን ላይ እንደ ውሃ ይተኛል።

ትናንት ማታ እንደዛ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ወጣሁ፣ ጨረቃ የለም፣ ከዋክብቱ እላዬ ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። ማዳበሪያውን አልብሼ ድንጋዩን እያስተካከልኩ ሳለ ከአጥሩ ወዲያ የበር ድምፅ ሰማሁ፣ እማማም ወጥተዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ማዳበሪያ አደረግሽበት?»

«አደረግኩ እማማ።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«የቱን?»